ምስጢሩን ጠብቆ ማከም፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና የጾታ ማንነታቸው ለተለየ ሰዎች የሥነ ልቦና ምክር አሰጣጥ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጀሞ፣ በአያት፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በአስኮና በካራ አካባቢ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና የግል ክሊኒኮች ለሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ የሳይካትሪ ነርሶችና ማኅበራዊ ሠራተኞች ነው። በዳርቻው የሚኖር ተገልጋይ ችግሩ በመሐል ከተማ ከሚኖረው ለየት ይላል። ፒያሳ ላይ ሰው ከሰው ተቀላቅሎ ያልፋል፤ በኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ ግን የአንድ ደረጃ ነዋሪ ማን እንደገባ፣ ማን እንዳደረ፣ ማን ሳያገባ ዕድሜው እንደገፋ ያውቃል። ሰርቪስ ቤት የተከራየ ሰው ደግሞ መጸዳጃውንም የውጭ በሩንም ከአከራዩ ጋር ስለሚጋራ ስልክ የሚያወራበት ጥግ እንኳ ላይኖረው ይችላል።

ከውጭ የሚመጡ ማሠልጠኛዎች ብዙ ጊዜ ማንነትን ለቤተሰብና ለወዳጅ መናገርን የመዳን ምልክት አድርገው ያቀርባሉ። ይህ ምክር በተጻፈበት አገር ትክክል ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ምክሩን እንዳለ የተቀበለ ተገልጋይ ቤቱን፣ ሥራውን፣ ሲብስም ነፃነቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሥራውን ስንጀምር ግቡን ለይተን እንያዝ፦ ዝንባሌን (ማለትም ሰውየው በፍቅር የሚሳበው ወደ የትኛው ጾታ እንደሆነ) መለወጥም ሆነ ማንነትን ማሳወቅ የሕክምናው ግብ አይደለም። የሚታከመው ፍርሃቱ፣ ኀፍረቱና ድብርቱ ነው፤ መመለስ ያለባቸውም በእነዚህ የተነሣ የጠፉት እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሥራና ወዳጅነት ናቸው።

ሕጉና ሳይንሱ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ወሲባዊ ድርጊትን በቀላል እስራት ይቀጣል፤ የሚያከብዱ ሁኔታዎች ሲኖሩ ደግሞ ቅጣቱ በሚቀጥለው አንቀጽ ይጨምራል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። ስለ ስሜቱ ለባለሙያ የተናገረ ሰው በመናገሩ ብቻ ጥፋተኛ አይሆንም። ብዙ ባልደረቦች «ካልጠቆምኩ እኔም እጠየቃለሁ» ብለው ይሰጋሉ። ይሁን እንጂ ወንጀልን ባለማሳወቅ የሚያስቀጣው አንቀጽ 443 ማንኛውንም ሰው የሚያስገድደው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። በሌላ በኩል አንቀጽ 399 በሥራው አጋጣሚ ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ሌላ የጤና ሠራተኛ በአቤቱታ እንዲቀጣ ይደነግጋል። ሕጉ ይበልጥ ሊያስፈራን የሚገባው ከዝምታ በኩል ሳይሆን ከወሬ በኩል ነው። ከዚህ የወጣ ጉዳይ ሲገጥም የተገልጋዩን ስም ሳያነሡ ጠበቃ ማማከር ይገባል።

በሳይንሱ በኩል ያለው ነገር አጭር ነው። የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝሩ ያስወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1990 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ይህንኑ አደረገ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው አሥራ አንደኛው ምደባ ደግሞ የጾታ ማንነት አለመጣጣም (ሰው የሚሰማው ጾታ ሲወለድ ከተሰጠው ጋር አለመስማማቱ) ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ ወጥቶ ስለ ወሲባዊ ጤና በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ ገብቷል። የዓለም ሳይካትሪ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ዝንባሌን ለመለወጥ የሚደረግ «ሕክምና» ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና ሊጎዳ እንደሚችል በይፋ አስታውቋል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ከተገልጋይ ጋር ለመከራከር አይደለም። ቤተሰብ ተከትሎት መጥቶ «ይህን ነገር አጥፉልን» ሲል ባለሙያው ሳይንተባተብ «የማይሠራና የሚጎዳ ነገር አልሰጥም» እንዲል ነው።

ካርድ ክፍሉ

ምስጢር አብዛኛውን ጊዜ የሚባክነው በምክር ክፍሉ ውስጥ አይደለም። ካርድ አውጪው ስም ጠርቶ ሲጮኽ፣ ተረኛዋ ነርስ «የአእምሮ ነው?» ብላ በኮሪደሩ ስትጠይቅ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ተገልጋዩን የመንደሯ ልጅ መሆኑን ስታውቀው ይባክናል። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ቢመስልም አስቀድሞ መታሰብ ይኖርበታል፦ ቀጠሮውን ሰው በሚቀንስበት ከሰዓት በኋላ ያድርጉ፣ በስም ምትክ በካርድ ቁጥር እንዲጠራ ያስደርጉ፣ ወረፋ መጠበቂያው የምክር ክፍሉን በር የሚመለከት ከሆነ ለተገልጋዩ ሌላ መቆያ ያሳዩት።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። አባልነቱ በቤተሰብ ስለሆነ ደብተሩ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በአባት ወይም በእናት እጅ ነው፤ ወደ ሆስፒታል ለመሄድም ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይጠይቃል። ስለዚህ ተገልጋዩ ደብተሩን ለምን እንዳወጣ ቤት ውስጥ ይጠየቃል። አስቀድመው ይንገሩት፤ «ለራስ ምታት ነው» ብሎ ለመናገር ይፈልግ እንደሆነ ወይም ከኪሱ ከፍሎ መታከምን ይመርጥ እንደሆነ እርሱ ይወስን።

መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ለሕክምናው የሚያስፈልገው ብቻ ይሁን። «ድብርት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የቤተሰብ ጫና» የሚለው ይበቃል። ዝንባሌውን፣ የወዳጁን ስም፣ የሚገናኙበትን ቦታ መጻፍ ለሕክምናው አንዳች አይጨምርም። ነገር ግን መዝገቡ በማይገባ እጅ ቢወድቅ ሰውን ያጠፋል። ሕጉ የሚጠቀምበትን «ግብረ ሰዶም» የሚል ቃል ካርድ ላይ ያሰፈረ ባለሙያ በአንድ ቃል የተገልጋዩን ሕይወት ለካርድ ክፍሉ አሳልፎ ሰጥቷል።

የመጀመሪያው ቀን ንግግር

በመጀመሪያው ቀን ስለራሱ የሚናገር ተገልጋይ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ በሌላ ሰው ስም ይጠይቃል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ንግግር ይገጥማል።

«ሲስተር፣ አንድ ጓደኛ አለኝ። ወንድ ሆኖ ወንድ ነው የሚወደው። ይሄ ነገር ይታከማል?»

እዚህ ላይ «ጓደኛዎ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ በሩን ይዘጋዋል። የሚሻለው በተከፈተው መንገድ መሄድ ነው።

«ለጓደኛዎ ሊነግሩት የሚችሉትን ልንገርዎት። ሰው መውደዱ በሽታ ስላልሆነ መድኃኒት የለውም። በዚህ ምክንያት እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከሸሸ ወይም መኖር ካስጠላው ግን ያ ይታከማል። ጓደኛዎ እንቅልፉ እንዴት ነው?»

«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃል። ከዚያ በኋላ አይተኛም።»

«ሲነቃ ምን ያስባል?»

ንግግሩ በጓደኛው ስም እስከ መጨረሻው ቢቀጥል ምንም አይደለም። ተገልጋዩ ባለሙያዋን እየመዘናት ነው፤ ፊቷን ያያል፣ እጇ መጻፍ እንደጀመረ ወይም እንዳልጀመረ ያያል። ስለዚህ በዚህ ሰዓት እስክሪብቶውን ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ «ጓደኛዎ ራሱ መምጣት ቢፈልግ በሩ ክፍት ነው፤ የሚናገረው ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ከወደቀ ብቻ ከእርሱ ጋር ተመካክረን ሌላ ሰው እንጨምራለን» ብሎ መሰናበት ይበቃል። የምስጢሩን ወሰን ሳይናገሩ «ምንም አይወጣም» ማለት በኋላ ላይ እምነት ያፈርሳል።

አማርኛ ገና በሰላምታው ጾታን ያስመርጣል። ስለዚህ የጾታ ማንነቱ ከሚታየው የተለየ ሊሆን ከሚችል ሰው ጋር ሲነጋገሩ፣ ዕድሜው ለጋ ቢሆንም እንኳ፣ «እርስዎ» ብሎ መጀመር ከብዙ ጭንቀት ያድናል። ተገልጋዩ «አንቺ በይኝ» ወይም «አንተ በለኝ» ካለ በክፍሉ ውስጥ እንደዚያ ይጠሩት። በኮሪደሩና በስልክ ግን ምን ይሻለው እንደሆነ ይጠይቁት፤ ሁለቱ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። በመዝገብም «ተናግረዋል»፣ «ገልጸዋል» የሚለው አጻጻፍ ማንንም አያስገርምም።

ጫናው ከየት ይመጣል

ኢላን ሜየር የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ በእነዚህ ማኅበረሰቦች ውስጥ ድብርትና ጭንቀት የሚበዛበትን ምክንያት ከዝንባሌው ሳይሆን ከኑሮው አስረድተዋል። ስድብ፣ ድብደባና መገለል ከውጭ ይመጣሉ። ከእነዚህ ቀጥሎ በሰውየው ውስጥ የሚበቅሉ ሌሎች አሉ፦ ሁልጊዜ መጠላትን መጠባበቅ፣ ያለማቋረጥ መደበቅ፣ የሰሙትን ስድብ በራስ ላይ ማመን። ይህ አከፋፈል እዚህ አገር በጣም ይሠራል፤ ምክንያቱም አንድም ቀን ያልተሰደበ፣ ማንም የማያውቀው ተገልጋይ ለምን እንደታመመ ያስረዳል። መደበቅ ጉልበት ይጨርሳል። በእያንዳንዱ ቡና ላይ የምትናገረውን ቃል አስቀድማ የምትመዝን፣ የወዳጇን ስም በወንድ ስም ቀይራ በስልኳ የምትመዘግብ፣ ስትስቅም ራሷን የምትታዘብ ሴት ማታ ላይ የምትደክመው ሠርታ ብቻ አይደለም።

አንዳንድ ጊዜ ጫናው በድንገት ይከፋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የከተማው የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ የተመሳሳይ ጾታ ወሲብ ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መሰል ቦታዎች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን ባስታወቀበት ወቅት በማኅበራዊ ሚዲያም የሰዎች ፎቶና ስም ይዘዋወር ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ተገልጋይ ቀጠሮ ማቋረጡ የሚጠበቅ ነው፤ እንደ ቸልተኝነት ሊቆጠርበት አይገባም። በፍቅር ስም አጥምዶ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰውም የጥቃት አንዱ መልክ ነው። የደረሰበት ሰው በራሱ ስለሚያፍር ሳይጠየቅ አይናገረውም።

ፍርሃትን መለየት

የሥራው ዋና ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ባለሙያም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ስንማር የተገልጋዩን አስፈሪ ሐሳብ ማስረጃ አቅርቦ መፈተሽን ተምረናል። «ሰዎች ቢያውቁ ከቤት ያስወጡኛል» የሚለውን ሐሳብ የተጋነነ አድርጎ መፈተሽ ግን ስሕተት ነው፤ አከራዩ በእርግጥ ሊያስወጣው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሐሳብ ለማስተባበል የሚሞክር ባለሙያ አገሩን እንደማያውቅ ይቆጠራል፤ ተገልጋዩም በሁለተኛው ሳምንት አይመጣም።

ስለዚህ ሐሳቦቹን አብራችሁ ለዩአቸው። እውነተኛ አደጋ የሚናገረውን ሐሳብ በዕቅድ ይመልሱታል፦ የስልክ መቆለፊያው እንዴት ነው፣ ቴሌግራም ላይ የተጻፈው ለሁለቱም ወገን ይሰረዛል ወይ፣ ድንገት ቤት ቢለቅ ሁለት ሌሊት የሚያድርበት የማን ቤት ነው፣ መታወቂያውና የትምህርት ማስረጃው የት ተቀምጧል። ዕቅዱ ሲኖር ፍርሃቱ ይበርዳል፤ አደጋው ስለጠፋ ሳይሆን ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ በጭንቅላቱ ማቀድ ስለማያስፈልገው ነው።

ሌላው ሐሳብ «ፊቴ ላይ ያስታውቃል፤ ሁሉም ያውቃል» የሚለው ነው። ይህ ሊፈተሽ ይችላል። አንድ ተገልጋይ በሚኒባስ መሳፈር ትቶ ከጀሞ እስከ ሥራው በእግሩ የሚሄድ ከሆነ፣ አብራችሁ አንድ ቀን ምረጡ፤ ከረዳቱ አጠገብ ይቀመጥ፣ ከሌሎቹ ተሳፋሪዎች ስንቱ ሁለት ጊዜ እንዳየው ይቁጠር። አብዛኛው ሰው ስልኩን ወይም መስኮቱን ያያል፤ ረዳቱም ሒሳቡን ብቻ ይፈልጋል። ፈተናው ትንሽና አደጋ የሌለበት መሆን ይኖርበታል፤ ምስጢሩን ለሰው እንዲነግር የሚጠይቅ ፈተና በፍጹም አይሰጥም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ «እኔ ርኩስ ነኝ» የሚለው ነው። ይህ ስለ ወደፊቱ ሳይሆን ስለ ራሱ የሚናገር ፍርድ ስለሆነ ዕቅድም ፈተናም አይፈታውም። መጀመሪያ ይህን ቃል በማን አፍ እንደሰማው ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ አንድ ፊት ይታወሰዋል፦ መምህር፣ አጎት፣ ሰባኪ። ከዚያ በኋላ «እንዲህ ያለ ስሜት ያለው ታናሽ ወንድምዎ ቢሆን ኖሮ ምን ይሉት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ለራሱ የነፈገውን ርኅራኄ ያወጣለታል። ይህ ጥያቄ በአንድ ቀን አያበቃም፤ ለወራት ሊመለሱበት ይችላሉ።

የቤት ሥራ በወረቀት አይሰጥ። እንቅልፍ መመዝገቢያም ቢሆን በስልኩ የቀን መቁጠሪያ ላይ በቁጥር ብቻ ይቀመጥ። ምክሩ በስልክ ሲሆን ደግሞ አስቀድማችሁ አንድ ቃል ተስማሙ፤ ተገልጋዩ «ዕቃው ደረሰ ወይ?» ብሎ ከጠየቀ ሰው ገብቶበታልና ባለሙያው ስለ ዕቃ ማውራት ይጀምራል።

ጋብቻ፣ ቤተሰብና እምነት

«መቼ ነው የምታገባው?» የሚለው ጥያቄ በእያንዳንዱ ሠርግና በዓል ይመጣል፤ እንዳይመጣ ማድረግ አይቻልም። መልሱን ግን በክፍሉ ውስጥ መለማመድ ይቻላል። «ቤት ልያዝ መጀመሪያ»፣ «የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ይውጣልኝ» የሚሉት ዘመድን የሚያስቁና ጨዋታውን የሚያሳልፉ መልሶች ናቸው፤ ከዕጣው መዘግየት አንጻር ደግሞ ለዓመታት ያገለግላሉ። ጫናው በዝቶ ተገልጋዩ ለሽፋን ለማግባት ሲያስብ ግን ዝም ብሎ መስማት አይበቃም። ውሳኔው የእርሱ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ምስጢሩን የማታውቅ ሌላ ሰው እንደምትገባበት በግልጽ መነሣት ይገባዋል።

አብዛኛው ተገልጋይ አማኝ ነው፤ ከእምነቱ ሊለየው የሚሞክር ባለሙያ ከመጨረሻው መጠጊያው ይለየዋል። ስለ መጽሐፍ ቃል ወይም ስለ ቁርኣን ትርጓሜ አይከራከሩ፤ ሥራችን አይደለም። ለንስሐ አባቱ መናገር አለመናገሩም የእርሱ ውሳኔ ነው። እንጦጦ ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ግን አጥብቀው ይንገሩት፤ ድብርትን ለማከም የሚሰጥ እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለ መድኃኒት ውጤቱ የሚታየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለሆነ በመካከሉ የሚተው ሰው ምንም ሳይጠቀም ይቀራል። መድኃኒቱ ድብርቱን እንጂ ዝንባሌውን እንደማይነካም ይወቅ፤ ስሜቱን የሚገድል ክኒን የሚጠይቅ አለና።

ተገልጋዩ በልጅነቱ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶበት ከሆነ ጥቃቱ እንደ ጥቃት ይታከም። ለዝንባሌው ምክንያት አድርጎ ማቅረብ ግን ቁስሉንም ፍቅሩንም ያበላሽበታል። ተገልጋዩ ራሱ ለአካለ መጠን ያልደረሰና ጥቃቱም የቀጠለ ከሆነ የሕፃናት ጥበቃ ጉዳይ ነው፤ መዘግየት የለበትም። የጾታ ማንነታቸው የተለየ ሰዎች ያለ ሐኪም የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን እንደ ሆርሞን ይወስዱ እንደሆነም ሳይቆጡ ይጠይቁ፤ ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን በተለይ ለሚያጨስ ሰው የደም መርጋት ሊያስከትል ይችላል።

ሞትን ለሚያስብ ሰው

ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድብርት መለኪያ ፒኤችኪው-9 በአማርኛ ስለሚገኝ ይጠቀሙበት። ከ0 እስከ 27 ነጥብ አለው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጠለቅ ያለ ምርመራ ይፈልጋል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው፤ ድምሩ ትንሽ ቢሆንም ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ አይታለፍ። በቀጥታ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙ ሰው ሲጠየቅ ይተነፍሳል። ቤት ውስጥ ያሉ መድኃኒቶችና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካሎች ከእጁ እንዲርቁ ያድርጉ፤ በዳርቻው ሰፈሮች የጓሮ አትክልት ስላለ ኬሚካሉ ብዙ ቤት ይገኛል።

አደጋው ቅርብ ከሆነ አንድ ሰው መጥራት ግድ ነው። ማን እንደሚጠራ ተገልጋዩ ይምረጥ፤ ለሚጠራው ሰውም «ራሱን ሊጎዳ ይችላል፣ ዛሬ ብቻውን አይደር» ይባላል እንጂ ምክንያቱ አይነገርም። እናት «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ስታለቅስ «በጣም ከባድ ድብርት ነው» የሚለው እውነት ነው፤ ሙሉው ባይሆንም። ለአምቡላንስ 907 ይደወላል። በምሥራቅ በኩል ላሉት ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ለሌሎቹ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። የሪፈር ወረቀቱ በብዙ እጅ ስለሚያልፍ ምርመራውን፣ የአደጋውን ደረጃና የተሰጠውን መድኃኒት ብቻ ይያዝ፤ የቀረውን ተቀባዩ ባለሙያ ከተገልጋዩ አንደበት ይስማ።

ከባልደረባ ጋር መመካከር

ይህን ሥራ ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ይደክማል፤ ምክክር ያስፈልገዋል። ነገር ግን «የባንክ ሠራተኛ ነው፣ በአያት ይኖራል፣ እናቱ መምህርት ናት» ማለት በዳርቻ ሰፈር ስም ከመጥራት አይተናነስም። ሙያውን፣ ሰፈሩንና ቤተሰቡን ለውጠው ያቅርቡት። እምነቱ ወይም ስሜቱ የማይፈቅድለት ባለሙያም ቢኖር ይህን ለራሱ ይመን፤ ተገልጋዩን ሳይሰብክና ሳያስቀይም፣ ፈቃዱን ጠይቆ ለሌላ ባልደረባ ያስተላልፈው።

ተገልጋዩ ቀጠሮ ካቋረጠ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወደ ቤቱ አይላክ፤ መልእክትም በስልኩ አይቀመጥለት። በመጀመሪያው ቀን የተስማማችሁበት ሰዓትና መንገድ ካለ በዚያ ሰዓት አንድ ጊዜ ይደውሉ፤ ሌላ ሰው ካነሣው «ቁጥር ተሳስቼ ነው» ብለው ይዝጉት። ካርዱ በቦታው ይቆይ፤ ከወራት በኋላ ሲመለስ የት እንደጠፋ ሳይጠይቁ እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ ጠይቀው ይቀጥሉ።